የእድሩ ተጎታች እግር ሆኜ መቅረቴን ስለ ማሳወቅ

ለክቡር አቶ ዘመንፈስ
የቤይ ኤሪያ ኅብረት መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ካምቤል

ጉዳዩ፦ ከተጎታቹ እንድላቀቅ ስለ መጠየቅ

ኦክላንድ፣ ኦገስት 2014

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ፣ ወገብዎና የደም ግፊትዎ ከእኔ መኪና የኋላ ባሌስትራ በተሻለ ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ እገልጻለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለልብስ ንጽሕና ቤትዎም እንዲሁ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከነቤተሰቤ፣ ከነመኪናዬና ከነተጎታቹ፣ እንደ ኮሚቴው ፈቃድ ሳንነጣጠል፣ አለን።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ። በፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ሦስት ጊዜም «ለቀጣዩ ስብሰባ ይቅረብ» የሚል መልስ በጸሐፊያችን በወይዘሮ እጅጋየሁ ውብ የእጅ ጽሑፍ ደርሶኛል። ቀጣዩ ስብሰባ ግን ምን ያህል እንደሚቀጥል ስላላወቅሁ፣ ደብዳቤው አባላት እንጀራ በሚገዙባቸው ሱቆች በር ላይ ቢለጠፍ ቶሎ ይነበባል ብዬ ነው። ሰው እንጀራ ሲገዛ አይቸኩልም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ከኦክላንድ እስከ ዩኒየን ሲቲ፣ ከዚያም እስከ ሳን ሆዜና ሳኒቬል ተበትነን የምንኖር ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤተሰቦች አንድ እድር አለን። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ከአስመራ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ሞት ሲመጣ አንድ ቤት ነው፤ በዚህ በእውነት እኮራለሁ። ችግራችን መቀመጫ ነበር። አፓርትመንቱ ጠባብ ነው፣ ግቢ ውስጥ ድንኳን መትከል ክልክል ነው፣ ለቀስተኛው ደረጃ ላይ ተደርድሮ ሲቆም ደግሞ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ስለዚህ እርስዎ ባለፈው ማርች፣ ርዝመቱ ሠላሳ ሰባት ጫማ የሆነ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ያለው፣ ሳሎኑም ወደ ጎን እየተገፋ የሚሰፋ ተጎታች ቤት ለእድሩ ሲያስገዙ፣ ወንበሩም ድስቱም ለቀስተኛውም አንድ ላይ የሚገቡበት የለቅሶ ቤት እንዲሆን ማሰብዎ ብልህነት ነበር። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ሽሙጡ ከዚህ በታች ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ ተመረጥኩበት ክብር አመሰግናለሁ። ተጎታቹን ማን ይጎትተው የሚለው አጀንዳ በተነሣ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም፤ መኪናህ የሰው በር ዘግታለች ተብዬ ላንቀሳቅሳት ወጥቼ ነበር። በእድራችን ደግሞ ሁላችን እንደምናውቀው ሥራ የሚሰጠው ለሌለ ሰው ነው፤ ያለ ሰው ምክንያት ያቀርባላ። ተመልሼ ስገባ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ጨዋ አሳዳጊ አሳድጎኛልና እኔም ለማን እንደሚጨበጨብ ሳልጠይቅ ከልቤ አጨበጨብኩ። ስለዚህ ወይዘሮ እጅጋየሁ በቃለ ጉባኤው ላይ «አቶ ሚክያስ ጋሻው ፒክአፕ ያላቸው በመሆኑ የተጎታች ኃላፊ ሆነው በሙሉ ድምፅ ሲመረጡ፣ እሳቸውም ደስታቸውን በጭብጨባ ገልጸዋል» ብለው መመዝገባቸው ሐሰት የለበትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳ ባልሆንም ታስሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ስለ ክብደት ላደረገው ጥልቅ ውይይት ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። የእኔ መኪና የሴራሚክ አንጣፊ መኪና ናት። ሲሚንቶና የመቁረጫ ማሽን ተሸክማ ታውቃለች፤ ከኋላዋ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ጎማ አላት። ተጎታቹ ደግሞ ፊፍዝ ዊል የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከመኪና ኋላ እንደ ጋሪ የሚንጠለጠል አይደለም። አንገቱን አስግጎ ፒክአፑ ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ልክ ከኋላ ጎማዎቹ አናት ላይ በታሰረ ብረት ላይ ይጋደማል። ስለዚህ የሚጎትተው መኪና እየጎተተም እየተሸከመም ነው። ለእንዲህ ያለ ግዙፍ ተጎታች ሰዎች የሚይዙት ፒክአፕ ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ጎማ ያለው፣ ዱዋሊ የሚባለው መሆኑን ያወቅሁት ከተመረጥኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዩኒየን ሲቲ ነበር። ተጎታቹን ሲያሳርፉባት መኪናዬ ኋላዋ ተንበረከከ፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና፤ በጠዋቱ ጭጋግ ያበራሁት መብራት መንገዱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ያሳየኝ ጀመር። መሪው ከመቅለሉ የተነሣ የማዞረው እኔ ነኝ ወይስ መኪናዋ ራሷ እየመረጠች ነው እስክል ደርሻለሁ። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ባጠገቤ ባለፉ ቁጥር ነፋሳቸው ተጎታቹን ይስበዋል፣ ተጎታቹ መኪናዬን ይስባታል፣ መኪናዬ እኔን። የማውቀውን ጸሎት ሄይዋርድ ሳልደርስ ጨርሼ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ውስጥ ገባሁ። በሕይወት ስደርስ እርስዎ በሩ ላይ ተቀብለውኝ ሻዩ ሃያ ደቂቃ መዘግየቱን ነገሩኝ። ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ።

በማግሥቱ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በረጅም መንገድ የጭነት መኪና የነዱት አዛውንት አባላችን አቶ ወልደ ሚካኤል፣ መኪናዬን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ዱዋሊ ይፈልጋል፤ እስቲ ሚዛን ላይ ቼክ አድርገው» አሉኝ። የጭነት መኪናዎች ከሚመዘኑበት ወስጄ አስመዘንኩ። በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የኋላ ጎማዎቼ ከስድስት ሺህ አንድ መቶ ፓውንድ በላይ እንዳይጫንባቸው ይላል። ሚዛኑ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ አለ። ይህም ድስቶቹ ባዶ ሳሉ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ስብሰባ ቀረብኩ። ኮሚቴውም ነገሩን በባለሙያ ለማስመርመር ወሰነና ኢንጂነር ወልደገርጊስ አስተያየት እንዲሰጡ ጠየቀ። ኢንጂነር ወልደገርጊስ ሳኒቬል ውስጥ ለስልክ የሚሆን አፕሊኬሽን የሚሠሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ከመኪና ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ብጠይቅ ኢንጂነር ኢንጂነር ነው ተባልኩ። እሳቸውም ስልካቸውን ከፍ አድርገው ለጉባኤው እያሳዩ፣ «ስፔኩን ጉግል አድርጌዋለሁ፤ ቶዊንግ ካፓሲቲው ፋይን ነው፤ ኢቭን ኤክስትራ አለው» አሉ። መኪናዋ መጎተት የምትችለውና መሸከም የምትችለው ሁለት የተለያየ ቁጥር መሆኑን ለማስረዳት፣ አህያ ጋሪ ትጎትታለች ማለት ጋሪውን ጀርባዋ ላይ ጫኑት ማለት አይደለም ብዬ በምሳሌ ተናገርኩ። አንድ አባት ተነሥተው ጉባኤውን በአህያ መስዬ እንደሆነ ጠየቁኝና ሃያ ደቂቃ ይቅርታ ስጠይቅ ቆየሁ።

ከዚያም ነገሩ ድምፅ ተሰጠበት። በሠላሳ አንድ ድጋፍ፣ በአራት ተቃውሞ፣ በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ተጎታቹ ከባድ እንዳልሆነ ተወሰነ። ሚዛኑ የእድሩ አባል ስላልሆነ ድምፅ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ስጋቴን ላለመናቅ ሲባል፣ ሸክሙን ለማቃለል ባለቤቴ ብርነሽ ከእኔ ጋር እንዳትሳፈር በአንድ ድምፅ ጸደቀ፤ ለዚህም በብርነሽና በስድሳ አንድ ኪሎዋ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በሳምንቱም ካህኑ ጸበል ረጩልኝ፣ ፓስተሩ በጎማዎቹ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፣ ሐጂም ዱዓ አደረጉልኝ። ሦስቱንም ከልቤ አሜን ብያለሁ። በአገሩ ካሉት ጎማዎች ሁሉ በሦስት ሃይማኖት የተባረኩት የእኔ ሁለቱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሦስተኛና አራተኛ ጎማ ግን ማንም አልጨመረልኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጁን ሃያ ስምንቱ ቀን። ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህችን ክፍል ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ካምቤል ለቅሶ ነበር፤ ድስቱን የጫንነው ኦክላንድ ካለው አዳራሽ ነው። እኔ ተጎንብሼ የተጎታቹን መቆለፊያ ሳጠብቅ፣ የወጥ ቤት ኃላፊያችን ወይዘሮ ሉቺያ፣ ሻይ እንዳይዘገይና ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ከእርስዎ በተሰጣቸው መመሪያ መሠረት፣ ሁለት እናቶችን አስከትለው ተጎታቹ ውስጥ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘግተዋል። ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም። እናቴን ወይዘሮ ትርፌን ብርነሽ በሌላዋ ትንሿ መኪናችን የወሰደቻቸው መስሎኛል፤ ብርነሽ ደግሞ ከእኔ ጋር የሄዱ መስሏታል።

ዩኒየን ሲቲን አልፌ ብዙም ሳልሄድ የቀኝ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። አራት ጎማ ቢኖር አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቱ ይሸከማል፤ ለብቻው የቆመ ጎማ ሲፈነዳ ግን ቀጥሎ የሚሸከመው አስፋልቱ ነው። መኪናዬ በቀኝ በኩል ቁጭ አለች፤ ተጎታቹ ወደ ግራ ሊያልፈኝ ሞከረ፤ በጎን መስታወት ውስጥ ያ ነጭ ግድግዳ ቀስ እያለ ወደ እኔ ሲዞር አየሁት። ፍሬን አልያዝኩም፤ አቶ ወልደ ሚካኤል እንዳስተማሩኝ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጄ ጨበጥኩ። ከኋላዬ የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል። እንዴት መንገዱ ጠርዝ ላይ እንደቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወርጄ የፈነዳውን ጎማ ሳይ የተጎታቹ በር ተከፈተ። መጀመሪያ ወይዘሮ ሉቺያ ከነጭልፋቸው ብቅ ብለው፣ «ሚክዬ፣ ዋት ሃፕንድ? ሻዩ እኮ ሙሉ ፈሰሰ!» አሉ። ቀጥሎ ካስከተሏቸው እናቶች አንዷ። ከእሳቸው ኋላ፣ ነጠላቸው ወጥ የነካው፣ ቀኝ እጃቸው በፈላ ውኃ የተላጠ፣ እናቴ ወረዱ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት እናቴን፣ መጎተት የማይገባኝን ነገር እየጎተትኩ፣ ከሚፈነዳ ጎማ ኋላ ስጎትታቸው ነበር። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን በጨዋ ደብዳቤ መጻፍ አይቻልም። ፈራሁ፣ ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። እናቴ ባልተላጠው እጃቸው ጀርባዬን እየመቱ ድስቱ እንዳልተደፋ አረጋገጡልኝ።

በዚህ መካከል እርስዎ ደውለው፣ «ሎኬሽንህን ቴክስት አድርግልኝ፤ ለቀስተኛው ዌይት እያደረገ ነው» አሉኝ። እንደ ላክሁልዎም አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት ከነጥቁር ሱፋቸው ከለቅሶው ተነሥተው መጡ፤ ፈጥኖ ደራሽነታችሁን ማንም አይክደውም። ጎማውን ለመቀየር ክብደቱ ከመኪናዬ ላይ መነሣት ስለነበረበት፣ የተጎታቹን ሁለት የፊት እግሮች አውርዳችሁ በራሱ እንዲቆም አደረጋችሁ። አቶ ወልደ ሚካኤል ከእግሮቹ ሥር ሳንቃ ይደረግ፣ አፈሩ ለስላሳ ነው ቢሉም አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ያዝዝ ስለነበረ አልተሰሙም። ጎማው ተቀይሮ ተጎታቹ ተመልሶ ከተጋደመብኝ በኋላ «ንዳ!» ተባልኩ። ነዳሁ። እግሮቹ ገና አልተሰበሰቡም ነበር። የቀኙ እግር እንደ ፌስታል እጀታ ተጣመመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኛ አፍስሰን ሳንለቅም ነው የሄድነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ አራተኛው ግን ደጄ ላይ ስለቆመ ቁጥር አያስፈልገውም።

ተጎታቹ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ያለ መኪናዬ መቆም አይችልም። መኪናዬን ከሥሩ ባወጣ በአፍንጫው ይደፋል። ኮሚቴው ይህን ተመልክቶ «እግሩ እስኪጠገን ድረስ የአቶ ሚክያስ መኪና ለጊዜው እንደ እግር እንድታገለግል» ብሎ ወስኗል፤ ጊዜያዊነቱ ዛሬ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሰባት ሳምንት ሙሉ የሴራሚክ መቁረጫዬን በትከሻዬ፣ ባልዲዬን በእጄ ይዤ ባርት በሚባለው ባቡር ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሳሎናችን መስኮቱ በተጎታቹ ግድግዳ ስለተሸፈነ ቀን በስድስት ሰዓት መብራት እናበራለን። ጎረቤቶቼ ሰላምታ ካቆሙ ቆዩ። ከተማው አንድ መኪና ከሰባ ሁለት ሰዓት በላይ አንድ ቦታ እንዲቆም ስለማይፈቅድ ደግሞ፣ በየሦስት ቀኑ ያንን ሁሉ ጎትቼ ብሎኩን ዞሬ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ አቆማለሁ። የኢዮቤልዩ ዑደት ይመስላል፤ ታቦት የሌለው።

በዚህም ሳላስበው ሌላ ሹመት አግኝቻለሁ። አባላቱ ተጎታቹን ያዩት በለቅሶ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ እሱ በቆመበት ሁሉ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል። እናቴን የእጃቸውን ቁስል ለማሳየት፣ ብርነሽ በትንሿ መኪና ሥራ ሄዳ ስለነበር፣ ከነተጎታቹ ክሊኒክ ይዣቸው ብሄድ፣ ከአሥር የማያንስ ሰው ደውሎ «ማን ነው ያረፈው?» አለኝ። ከዚያ የባሰው በጁላይ መጨረሻ የሆነው ነው። ከደጄ ፈቀቅ ብዬ ያቆምኩበት የወይዘሮ ውባየሁ አፓርትመንት ፊት ለፊት ነበር፤ ወንድማቸው አገር ቤት ታመው እንደነበር አላውቅም። በጠዋት መስኮታቸውን ሲከፍቱ ተጎታቹን ደጃቸው ላይ አዩ። መርዶ በጠዋት እንደሚነገር ሁላችን እናውቃለን። ጩኸታቸውን ሰምቼ ስሮጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረጃውን ሲወርዱ አገኘኋቸው። ወንድማቸው ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም በስልክ አነጋገርናቸው። እኔ ግን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሆኜ መቅረቴን ያን ቀን አወቅሁ። ወይዘሮ ውባየሁ ይቅር ብለውኛል፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ግን እስከ ዛሬ ይሻገራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ሰኞ በፊርማዎ የደረሰኝ ደብዳቤ የእድራችን ዓመታዊ ሽርሽር በመጪው ቅዳሜ ሳንታ ክሩዝ ባሕር ዳር እንደሚደረግ፣ ተጎታቹም ከነወንበሩ፣ ከነድስቱና ከነወጥ ቤት እናቶቹ በእኔ አማካይነት እንዲቀርብ ያዛል። ክቡር ሊቀመንበር፣ ሳንታ ክሩዝ ለመድረስ ሴቨንቲን የሚባለውን መንገድ ይዞ ተራራ መውጣትና መውረድ ግድ ነው። መንገዱን ያውቁታል፤ እርስዎ ራስዎ ባዶ መኪናዎን እዚያ ኩርባ ላይ ሲነዱ ሬዲዮ እንደሚያጠፉ ባለቤትዎ አጫውተውናል። በዩኒየን ሲቲ ሜዳ ላይ የፈነዳ ጎማ ጠርዝ አገኘ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ጠርዙ የኮንክሪት ግንብ ነው።

የደብዳቤው የመጨረሻ አንቀጽ ደግሞ በደንባችን መሠረት የእድሩን አገልግሎት እምቢ ያለ አባል ከነቤተሰቡ እንደሚሰረዝ ያስታውሰኛል። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዛሬውኑ ሰርዙኝ እል ነበር። እኔ ስሞት ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ ቆሞ አለፈ ግድ አይሰጠኝም። እናቴ ግን የሚፈሩት ሞትን ሳይሆን ባዶ ወንበርን ነው። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የማያውቁት ሰው ለቅሶ ሳይቀር አልቀሩም፤ በዝናብ በአውቶቡስ ሄደው አልቅሰዋል፤ አንድ ቀን የእሳቸው ተራ ሲደርስ ቤቱ እንዲሞላ። ያንን የአሥራ ሁለት ዓመት እንባ እኔ በአንድ ቅዳሜ እምቢታ ልሰርዝባቸው ነው ወይስ እሳቸውኑ ከነድስቱ ጭኜ ተራራ ልውጣ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ ሞኝ ላም እላት ነበር። ሌሊት እተኛና መኪናዋ ስትንቋቋ እሰማለሁ፤ ያ ባሌስትራ እንደ እኔ ቆሞ ነው የሚያድረው።

አንዳንድ አባላት «ዝም ብለህ አውልቀው» ብለው ይመክሩኛል። ባወልቀው መንገድ ላይ ይደፋል፣ ከተማው አንሥቶ ይወስደዋል፣ እኔም የሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት የለቅሶ ቤት የጣለ ሰው ተብዬ ስሜ ይኖራል። ያንን እንኳን አልፈልግም። ተጎታቹን አልጠላሁትም። በውስጡ ተቀምጠው የተጽናኑ ሰዎች አይቻለሁ፤ ዩኒየን ሲቲ ላይ ባለቤታቸውን ያጡ አንድ አባት፣ በኪራይ አፓርትመንት መተላለፊያ ላይ መቆም ቀርቶላቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሰው መካከል ተቀምጠው አልቅሰዋል። ለዚህ ነው አራት ወር የጎተትኩት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የተሰበረው እግር ይጠገንና ተጎታቹ በራሱ ይቁም። ከዚያ በኋላ ከኋላው አራት ጎማ ያለው መኪና ይፈለግለት፤ እኔ ወንበር በመደርደር፣ ድስት በማጠብና በማልቀስ አገለግላለሁ። በቅዳሜው ጉዞ የሚጸኑ ከሆነ ግን አንድ ትንሽ አጀንዳ እንዲያዝልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ደንባችን አንድ አባል ሲሞት ተጎታቹ ለቤተሰቡ ለቅሶ እንደሚቀርብ ይደነግጋል። እኔ ሴቨንቲን ላይ አንድ ነገር ብሆን ለቀስተኛዬ የሚቀመጥበት ከእኔ ጋር ገደል ስለሚገባ፣ ኮሚቴው ይህንንም እንደ ክብደቱ በድምፅ ብልጫ አስቀድሞ ቢወስንልኝ ቤተሰቤ ወዲያ ወዲህ ከማለት ይድናል።

ለዘመናት የማይላሉ መቆለፊያዎች፣ የማይሰበሩ እግሮችና የማይዘገይ ሻይ ለእርስዎና ለክቡራን የኮሚቴ አባላት ሁሉ እየተመኘሁ፣ ወደድኩም ጠላሁም ከማይነጠል አክብሮት ጋር፣

ሚክያስ ጋሻው
ሴራሚክ አንጣፊ፤
ከጁን ሃያ ስምንት ጀምሮ የተጎታቹ የፊት እግር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ እጅጋየሁ፣ ለቀጣዩ ስብሰባ እንዲቀርብ
ለኢንጂነር ወልደገርጊስ፣ ጉግል እንዲያደርጉት
ለአቶ ወልደ ሚካኤል፣ ከይቅርታ ጋር
ለሦስቱም የሃይማኖት አባቶች፣ ምናልባት ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ቢያስፈልጉ

በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት፣ ስማቸው ስለተነሣ፣ ለእናቴ አነበብኩላቸው። ተጎታቹ በከለለው መስኮት ፊት ተቀምጠው፣ የተላጠውን እጃቸውን በሌላው እያሹ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲያልቅ የመኪናዋን ቁልፍ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። መቀነታቸውን ፈትተው ጫፉ ላይ ቋጠሩት፤ መልሰው ታጠቁና እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው አሉኝ፦ «እድር ይቅበረኝ ብዬ ልጄን ልቅበር?» ቃላቸውን ሳልቀንስ ሳልጨምር አድርሻለሁ። ቁልፉን የሚፈልግ ኮሚቴ ቤት ድረስ መጥቶ ከወገባቸው ይጠይቃቸው፤ በዚያ ቀን ሻይ እንደማይዘገይ ቃል ገብተዋል።